የእማማ አስካለ ግማሽ መልስ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ የጥምቀት መማሪያዋን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። የፊታችን እሁድ በሽማግሌዎች ፊት ቀርባ ትጠየቃለች፤ ካለፈች በየካቲት ትጠመቃለች። “እማዬ፣ ጠይቂኝ” አለችና መጽሐፏን እርጥቡ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

መማሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርባ ገጽ የማይሞላ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ቀጭን ነገር ነው። ከአማን እስከ ቴፒ ያሉ አጥቢያዎች እያባዙ ያስተምሩበታል። አንዳንዶቹ ስሜን አውጥተው ያባዙታል አሉ። አልቀየምም፤ ለመቀየም መብት የለኝም።

ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ገጽ ላይ በሣጥን የተከበበች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ “እኔ ስለተሸከምኩ አይደለም፤ እሱ ቀድሞ ስለተሸከመኝ ነው” ትላለች። ከሥሯ “ለድነት ጥያቄ ናሙና መልስ” ተብሎ ተጽፏል።

“ይቺ ያንቺ ናት አይደል? ፓስተር ሁሌ ስብከቱ ላይ ያነሳታል” አለችኝ።

“የኔ ናት” አልኳት። መክተፌን አላቆምኩም።

ከሃያ ዓመት በላይ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። በዚያን ቀን ግን፣ ልጄ ጥያቄዎቹን አስጨርሳኝ ከወጣች በኋላ፣ ጎመኑ አርሮ እስኪሸት ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ለልጄ ያልነገርኩትን እዚህ ልናገረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ግን እኔ ካልጎተትኩት በራሱ የሚነጋ አይመስልም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ እዚሁ ሚዛን ነው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ሰው በየጓዳው እየተደበቀ ሲጸልይ ኖሮ፣ ነጻነት ሲመጣ ሕዝቡ ጎርፎ ገባ። ከሸዋ ቤንች በኩል፣ ከየቡና ጫካው፣ ቀይ ጭቃውን እየረገጠ የሚመጣው ሰው ከበር ተርፎ በመስኮት ያዳምጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ፈሩም። ከመካከላቸው ታስረው የተገረፉ ነበሩበት። የተገረፉለት እምነት ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ገብቶ እንዳያደፈርስባቸው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ደንብ አወጡ። ዐሥራ ሁለቱን የመሠረተ እምነት ትምህርት ያልተማረ፣ ተምሮም በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ያልመለሰ አይጠመቅም። ያልተጠመቀ አባል አይደለም። አባል ያልሆነ የጌታን እራት አይቆርስም፤ በቤተ ክርስቲያኑ መቃብርም አይቀበርም።

የመቃብሩ ደንብ ከክፋት አልመጣም። ከዚያ በፊት የኛ ሰው ሲሞት የሚቀበርበት ጠፍቶ፣ ሬሳ ይዘን ደጅ የጠናንበት ጊዜ ነበር። ብዙ ተለምኖ፣ ብዙ ተመላልሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ቁራሽ ተዳፋት ተፈቀደችልን። ጠባብ ስለነበረች ለአባላት ብቻ ተባለ። ዙሪያዋን የግራቪላ ዛፍ ተተከለባት።

እኔ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ከወላይታ በአስተማሪነት ተመድቦ ሚዛን የመጣና እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። ዐሥራ ሁለቱን ትምህርት ከነጥቅሶቻቸው በቃሌ እወጣቸዋለሁ። በስንፍና የሚከሰኝ አልነበረም። እኔ ስጠመቅ ለሽማግሌዎቹ የጠየቁኝን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቁኝንም መለስኩላቸው። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ማርቆስ ሳቁና፣ “ይቺ ልጅ እኛንም ትፈትነናለች” አሉ። በሚቀጥለው ዓመት የጥምቀት ክፍሉን እንዳስተምር ተመደብኩ። እህት ሰናይት ተባልኩ። በጌታ ሁላችንም እኩል ነን በሚል ሰበብ እናቴን የሚያህሉ ሴቶችን “እህት እገሊት” እያልኩ፣ አንቺ እያልኩ ማዘዝ ጀመርኩ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

በኅዳር በጀመረው ክፍል ውስጥ እማማ አስካለ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ ትኖራለች። ቅዳሜ ጎደሬና ኮረሪማ ገበያ ታወጣለች፤ ሸጣ ስትጨርስ ባዶ ቅርጫቷን እንደያዘች በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ትመጣለች። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ስለነበር የተማሪው ሁሉ ጣት በእሸት ቡና ተለቅልቆ፣ የሰጠኋቸው ወረቀት እጃቸው ላይ ይጣበቅ ነበር። እሷ ወረቀት አትይዝም። ፊደል አልቆጠረችም።

አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ለራሷም ለሌላውም፣ ለወንድም ለሴትም በአንድ ዓይነት ግስ ትናገራለች፤ እኔ ይሄዳል፣ አንቺ ይሄዳል ትላለች። በቤንችኛ ስታወራ ግን ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣት ነበር። እኔም ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደግኩበት ስለሆነ ቤንችኛ አውቃለሁ። ትምህርቱን በቋንቋዋ ላስረዳት እችል ነበር። አላደረግኩትም። ፈተናው በአማርኛ ነው አልኳት።

ወደ እምነቱ ያመጣት ታደለ የሚባል አንድ ልጇ ነው። እሱ ቀድሞ አምኖ ተጠመቀና እሷን እየጎተተ አመጣት። ያን ጊዜ የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን መሠረት እየተጣለ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ምእመኑ ከወንዙ ድንጋይ ያመጣል። እናትና ልጅ አይቀሩም፤ እሱ በትከሻው፣ እሷ በጀርባዋ በገመድ አስራ ትሸከማለች። እኛ የከተማ ልጆች ዳገቱ አፋፍ ላይ ቆመን እንዘምርላቸው ነበር፤ እሱም አገልግሎት ይባል ነበር። ግድግዳው መስኮት ሳይደርስ ታደለ ቴፒ ቡና ለቀማ ሄደ፤ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሞተ። አባል ነበርና ከግራቪላዎቹ ሥር ዘምረን ቀበርነው። የቀብሩ ማግስት ረቡዕ ነበር። እማማ አስካለ ድንጋይዋን ተሸክማ መጣች።

እኔ ሳስተምራት ሆዷ ማበጥ ጀምሮ ነበር። አማን ሄዳ ታይታ “ጉበት ነው” ተብላ ተመልሳለች። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው ለምን መጠመቅ እንደሚፈልግ እንዲናገር ጠየቅኩ። ሌላው ሁሉ የሰማውን ደገመ። እሷ ግን፣ “ጌታን ይወዳል። ደግሞ ከታደለ ጎን መተኛት ይፈልጋል” አለች።

“እህት አስካለ፣ ሰው የሚጠመቀው የመቃብር ቦታ ለመያዝ አይደለም” አልኳት።

“ይሁን” አለችና ተቀመጠች።

አራተኛው ትምህርት ጸጋ ነበር። እሱን ትምህርት እወደዋለሁ፤ ስለማውቀው እወደዋለሁ። ሰው በሥራው አይድንም፣ በጾሙም በምጽዋቱም አይድንም፣ ክርስቶስ ሁሉን ፈጽሞለታል፣ የቀረው በእምነት መቀበል ብቻ ነው። ይህን እየተዘዋወርኩ አስተማርኩና፣ “ጸጋ ማለት ምን ማለት ነው?” አልኩ።

“የማይገባን ነጻ ስጦታ” አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

እማማ አስካለ እጇን አወጣች። “ነጻ ነው?”

“አዎ።”

“ክፍያ የለም?”

“የለም፤ እሱን እኮ ነው የምንማረው።”

“ታዲያ ፈተና ለምንድን ነው?” አለች። በክፋት አልነበረም፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር። “ጎረቤት ለኔ ጎደሬ ሲሰጥ፣ ‘ጎደሬ ምንድን ነው? መልስ’ አይልም። ይሰጣል። እኔ ይበላል።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሷ ሳይሆን በኔ ነበር የሚስቁት። በር ላይ ተደግፎ የመዝሙር ልምምዱን የሚጠብቀው፣ ጊታር የሚመታው ወጣት ሳይቀር ሳቀ። እኔ ደግሞ ያን ልጅ በልቤ ካኖርኩት ሰነባብቼ ነበር። በእውነቱ መልሱ ዛሬም የለኝም፤ መጽሐፍ ጽፌም አላገኘሁትም። “በቤተ ክርስቲያን አይቀለድም” ብዬ ወደ አምስተኛው ትምህርት ዘለልኩ። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሆን ብዬ አስቸጋሪውን ጥያቄ ለሷ መስጠት ጀመርኩ። ቅድስና ከጽድቅ በምን ይለያል፣ ሦስቱ የሥላሴ አካላት እንዴት አንድ ይሆናሉ እያልኩ አስቆማታለሁ። ቆማ ታስባለች፤ ላብ ግንባሯ ላይ ይወጣል፤ “አላወቀም” ትልና ትቀመጣለች። ከመዘምራኑ ሴቶች ጋር ስንሆን ደግሞ አነጋገሯን እየቀዳሁ አስቃቸው ነበር። “እኔ ይበላል” የምትለዋ ቃል የሰፈር መቀለጃ ሆነች። አንድ ጊዜ ዞር ስል ከኋላችን በመንገዱ ቅርጫቷን አዝላ እየመጣች ነበር። ሰምታለች። “ደህና ዋላችሁ?” ብላ አለፈችን። እኔ ያፈርኩት ለአንድ አፍታ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባሰብኝ።

ፈተናው በጥር ወር አንድ እሁድ ከሰዓት ሆነ። አዲሱ የድንጋይ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ኮርኒስ ግን የለውም። አምስት ሽማግሌዎች ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። ተጠማቂዎቹ አንድ በአንድ ከበሩ በኩል ባለው አግዳሚ ፊት እየቆሙ ይመልሳሉ። ሁሉም የሚጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ አንድ ነው። “በምን ዳንህ? በምን ዳንሽ?” ነው። እሱን የሳተ ሌላውን ቢያውቅም አያልፍም።

ሚዛን በጥርም ይዘንባል። ግማሹ እንደተጠየቀ ዝናቡ መጣ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ የሚዛን ዝናብ ሲወርድ፣ አጠገብህ የቆመ ሰው ቢጮህ እንኳ መስማት ጭንቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢጠብቁ ቢጠብቁ አላባራ አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይመሽበት መመለስ ስለነበረበት ጋሽ ማርቆስ ዘዴ አመጡ። እኔ ከተጠማቂው አጠገብ ቆሜ መልሱን በጆሮዬ ልሰማ፣ ከዚያ ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ ጮኼ ለሽማግሌዎቹ ልድገምላቸው ተባለ። ለሦስት ሰዎች እንዲህ አደረግኩ። አንዱ ሰውዬ “በምን ዳንህ?” ሲባል የቃል ጥናቱን ከጀመረበት ትምህርት አንድ ጀምሮ ሊወርድ ሲል ጎኑን ነካሁትና፣ “በጸጋ በል” አልኩት። “በጸጋ” አለ። “በጸጋ!” ብዬ ጮህኩ። አለፈ።

አራተኛዋ እማማ አስካለ ነበረች። ነጭ ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች። ሆዷ ስለከበዳት አግዳሚውን በአንድ እጇ ይዛለች። ሌሎቹን ጥያቄዎች እንደ ነገሩ መለሰች። መጨረሻው ደረሰ። ጎንበስ ብዬ “በምን ዳንሽ?” አልኳት።

ዓይኗን በድንጋዩ ግድግዳ ላይ አዞረች።

“እኔ ድንጋይ ተሸከመ” አለች። እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራትና አረፈች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “እሱ ግን ቀድሞ እኔን ተሸክሟል” አለች።

በደንብ ሰማኋት። የዝናቡ ጩኸት በኔና በሷ መካከል አልገባም፤ ትንፋሿ ጉንጬን ይነካው ነበር። የሰማሁት ነገር ምን እንደሆነም ገብቶኛል። በአራተኛው ትምህርት ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፍልፌ ያልደረስኩበት ነገር ነበር፤ እሷ በአንድ ትንፋሽ ደረሰችበት። ይህን ባወቅኩበት ቅጽበት ነው ክፍሉ የዚያን ቀን የሳቀብኝ ሳቅ ጆሮዬ ላይ የመጣው። ቀና ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ጮህኩ።

“ድንጋይ ስለተሸከምኩ ዳንኩ ነው የምትለው!”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ማርቆስ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ “ሌላ አላለችም?” አሉ።

“አላለችም!”

እማማ አስካለ ጩኸቴን ሰምታለች። አማርኛ ለመናገር ቢቸግራትም ለመስማት አይቸግራትም። ቀሚሴን በጣቷ ያዝ አደረገችና፣ “ሌላውስ?” አለችኝ።

“ተሰምቷል” አልኳት።

ቀሚሴን ለቀቀች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ወደ ጠረጴዛው አየች፤ ጠረጴዛው ሩቅ ነበር፤ ዝናቡም አለ። ጋሽ ማርቆስ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እህታችን ገና በሥራዋ ትታመናለች፣ ለከርሞ ደግማ ትማር ብለው ወሰኑ። ሃያ ሦስት ሰው ተጠይቆ ከሷ በቀር የወደቀ አልነበረም። ነጻውን ስጦታ በፈተና የከለከልናት አንዲት ሰው እሷ ነበረች።

የካቲት ላይ ወንዙ ጠርቶ ጥምቀቱ ሆነ። ትቀራለች ብዬ ነበር፤ መጣች። ዳር ቁጭ ብላ የተጠማቂዎቹን ደረቅ ልብስና ጫማ ስትጠብቅ ዋለች። እየተንቀጠቀጠ ከውሃ የሚወጣውን ሁሉ ልብሱን እየለየች ታለብሰዋለች። ስንጨርስ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን ቅቅል ጎደሬ ፈታች። ገና ይሞቃል። አንዱን ልጣ፣ ጨው ነስንሳ፣ ከሁሉ በፊት ለኔ ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኩና በላሁ። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

“ዝናብ ነው” አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የፈተናው ዕለት ወሬ ገና ያላለቀ ይመስል። “ለከርሞ ዝናብ አይኖርም። አንቺ ይጮሃል።”

ያን ጊዜም ማመካኛውን አንስታ በእጄ አስጨበጠችኝ። ውሸቴን ታውቃለች፤ ማወቋንም አውቄያለሁ። “ይቅር በይኝ” የሚል ቃል ግን አልወጣኝም። “እሺ” አልኳት።

ከርሞ አልደረሰችም። በሐምሌ፣ ደመናው ከጣራ ላይ አልነሳ ባለበት ሰሞን ሞተች። ወንድሟ በጭቃው መጥቶ፣ እህቴ ከልጇ ጎን ቅበሩኝ ብላ ተናዛለች ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ከስብሰባው መካከል ጋሽ ማርቆስ ወጥተው እኔን አስጠሩኝ። ከቢሮው ጀርባ፣ ጠፈጠፉ በሚወርድበት ጥግ ቆመን አነጋገሩኝ። የተገረፉበት እግራቸው በክረምት ስለሚያማቸው ግድግዳውን ተደግፈው ነበር።

“ልጄ ሰናይት” አሉኝ፣ “ደንቡን ታውቂያለሽ። ግን ደንብ ለሰው ነው። በጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ መች ተጠመቀ? በጸጋው መታመኗን የሚያሳይ አንዲት ቃል ካገኘሁ፣ ወንድሞችን አሳምኜ ከልጇ ጎን አስቀብራታለሁ። ያን ቀን አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እስቲ አስቢ። ከድንጋዩ ሌላ ያለችው ነገር አልነበረም?”

አሰብኩ። ያሰብኩት ግን ስለሷ አልነበረም። አዎ ካልኩ፣ “ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽንም?” እንደሚሉኝ አሰብኩ። ክፍሉ እንደሚወሰድብኝ፣ አባቴ እንደሚሰማ፣ ጊታር የሚመታው ልጅ እንደሚሰማ አሰብኩ። ጋሽ ማርቆስ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ወለምታ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አስቤ፣ ረጋ ብዬ ነው የተናገርኩት።

“አልነበረም፣ ጋሽ ማርቆስ።”

“እሺ” አሉ። እያነከሱ ተመለሱ።

በማግስቱ ቅዳሜ ዘመዶቿ ቃሬዛውን ተሸክመው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አለፉ። ከሞተችበት ከአማን ጤና ጣቢያ ነበር የመጡት፤ ወንዙን ተሻግረው የወንድሟ ቡና መሬት ላይ ሊቀብሯት ነው። ጭቃው ስለሚያዳልጥ ትከሻ ለመለዋወጥ ቃሬዛውን ግድግዳው ሥር አሳረፉት። ማንም አልዘመረም፤ አባል አልነበረችማ። ጋሽ ማርቆስ ብቻቸውን ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝናቡ ቆመው ነበር።

እኔ ውስጥ ነበርኩ። ለአዲስ ዙር ተማሪዎች ትምህርት አራት ላይ ነበርን። ሰዉ ድምፁን ሰምቶ ወደ መስኮቱ መዞር ሲጀምር፣ “ወደዚህ!” አልኩ። “ጸጋ ማለት ምን ማለት ነው?”

“የማይገባን ነጻ ስጦታ!”

“ድገሙት።”

ቃሬዛው ተነስቶ ዳገቱን እስኪወርድ ድረስ አስደገምኳቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቴፒ በተደረገ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ስለ ድነቴ እንድመሰክር ተጠራሁ። መድረክ ላይ ስወጣ የሸመደድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የቀረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ስለተሸከምኩ አይደለም፣ እሱ ቀድሞ ስለተሸከመኝ ነው አልኩ። ግሱን አስተካክዬ፣ ድንጋዩን አውጥቼ፣ ነበር ያልኳት። አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ከዚያ ወዲያ የሄድኩበት ሁሉ ያችኑ ይጠይቁኛል። ጋሽ ማርቆስ እንኳ ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተውኝ፣ “ያቺን ቃልሽን በይልኝ” አሉኝ። አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “እንዴት ያጽናናል” አሉ። ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሟች አላስጨንቅም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

የማስተምረውን አምናለሁ። ሰው በጸጋ እንደሚድን፣ የበደለም ንስሐ ቢገባ ይቅር እንደሚባል ለሌላው ስናገር አልዋሽም። ለራሴ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይዞኛል። ይቅርታውን በነጻ እንዳልቀበል የሚያግደኝ፣ ልቀበለው ብል ስርቆቴን መናገር የሚኖርብኝ መሆኑ ነው። በሣጥን ከከበብኳት ዓረፍተ ነገር ሥር የሌላ ሴት ስም ሊጻፍ ነው። ይህንን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ወንዙን ተሻግሬ መቃብሯን ፈልጌም አላውቅም፤ ቡና ተተክሎበታል ይሉኛል።

የዚያን ሐሙስ ማታ እራት ስናቀርብ ልጄ መጽሐፏን ይዛ እንደገና መጣች። ያረረውን ጎመን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ መጽሐፏን ዘረጋችው። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ኮርኒስ አለው፣ ማይክም አለው፤ ዝናብ ቢዘንብ የማንም መልስ አይጠፋም፤ ለእያንዳንዱም መልስ ከአምስት ነጥብ ይሰጠዋል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስሟን፣ አስካለን፣ ምላሴ ላይ አድርሻት ነበር።

“እማዬ” አለችኝ ቀድማ፣ ጣቷን ገጽ ዐሥራ አራት ላይ አድርጋ፣ “በምን ዳንሽ ሲሉኝ ይቺን ብመልስ ያሳልፉኛል?”

“ያሳልፉሻል።”

“ከአምስት ስንት ይሰጡኛል?”

“ሙሉውን ካልሽው” አልኳት፣ “አምስት።”